ያልተላከው ውጤት

የብራክዌል ኮሌጅ የተማሪዎች ቅበላ ዲን ኦገስታ ፔል ሞታ የተገኘችው በቅበላ ኮሚቴው ክፍል በረንዳ ላይ ነው። ጀርባዋን ለመስታወቱ በር ሰጥታ፣ ጉልበቷን አቅፋ እንደተቀመጠች ደርቃለች። ሲጥል ያደረው በረዶ ትከሻዋ ላይ ተከምሯል። ጠዋት መንገድ ሊጠርግ የወጣው ሠራተኛ ከታች ቀና ብሎ ሲያያት መጀመሪያ የተረሳ ካፖርት መስሎት ነበር።

የኮሌጁ የጥበቃ ኃላፊ ነገሩን ባንድ ቃል ቋጨው። ሴትዮዋ አጫሽ ናት፣ ልታጨስ ወጣች፣ በሩ ከኋላዋ ተዘጋባት፣ አለቀ። ፕሬዝዳንቱም ይህን ሲሰማ እፎይ አለ። ብራክዌል ከመቶ አመልካች ሰባቱን ብቻ ነው የሚቀበለው፤ ለቀሩት ዘጠና ሦስቱ ደግሞ የሚያምር ደብዳቤ ይልካል። ደብዳቤዎቹ የሚወጡት በዚያው ሳምንት ስለነበር ግቢው የተጨነቀው ለሬሳው ሳይሆን ለደብዳቤው ነው ብል አላጋነንኩም።

የማሳቹሴትስ ግዛት ፖሊስ የላካት መርማሪ ዞራይዳ ባሮስ ትባላለች። አጭር፣ ደንደን ያለች፣ ሃምሳዎቹን ያጋመሰች የኒው ቤድፎርድ ሴት ናት። አያቶቿ ከኬፕ ቨርዴ ደሴቶች በመርከብ የመጡ ናቸው፤ እሷ ግን ባሕሩንም ብርዱንም አልወደደችላቸውም። ሲጋራ ካቆመች ወዲህ የዝንጅብል ከረሜላ ከአፏ አይጠፋም። ሬሳው አጠገብ ቁጢጥ ብላ ብዙ ቆየች። ሟቿ ካፖርት አልለበሰችም፤ የሱፍ ሻርፕ ብቻ ጣል አድርጋለች። የሁለቱም እጆቿ አንጓዎች ተልጠው ደም ረግቶባቸዋል። የበሩ መስታወት ወፍራም ነው፣ በብረት ፍርግርግም ታጥሯል፤ በባዶ እጅ የሚሰበር አይደለም። በረንዳው ሦስተኛ ፎቅ ላይ ሆኖ ወደ ጫካው ስለሚያይ ብትጮህም የሚሰማት አልነበረም።

ዞራይዳ ተነሥታ በሩን ከፈት ዘጋ አደረገችው። መቀርቀሪያው ከውስጥ በኩል በራሱ ጠቅ ይላል።

«ይሄ በር በራሱ የሚቆለፍ ከሆነ፣ ሴትዮዋ ስንት ዓመት እዚህ ስታጨስ እንዴት ነበር የምትመለሰው?» አለችው የጥበቃ ኃላፊውን።

«መጽሐፍ ትወሽቅበታለች። ያንን የፈተና መዘጋጃ፣ ጡብ የሚያህለውን። ግቢው ሁሉ ያውቃል፤ መጽሐፉ ለዚህ ካልሆነ ለምንም አይጠቅምም እያሉ ይቀልዱ ነበር።»

«ታዲያ የት ሄደ?»

ሰውየው ወለሉን ቢያይ መጽሐፍ የለም። ዞራይዳ ግን ቀድማ አይታዋለች። መደርደሪያው ላይ ከሌሎቹ ጋር ቀጥ ብሎ ቆሟል። ስታወጣው የታችኛው ጠርዙ ውኃ ጠጥቶ አብጧል፤ ገጾቹም ተጣብቀዋል።

«የመስታወቱን መጋረጃ ማን ከፈተው?»

«እኔ ነኝ። ስገባ ተጋርዶ ነበር።»

ዞራይዳ አዲስ ከረሜላ ፈታች። መጽሐፍ በእግሩ ሄዶ መደርደሪያ ላይ አይወጣም፤ መጋረጃም በራሱ አይሳብም። አንድ ሰው ውስጥ ቆሞ መጽሐፉን አንሥቷል፣ በሩ ሲቆለፍ አይቷል፣ ሴትዮዋ መስታወቱን ስትደበድብ ደግሞ መጋረጃውን ስቦባታል። አደጋ የሚባለው ነገር እዚያው ላይ ሞተ።

ሕንፃው ታሪካዊ ነው ተብሎ ግድግዳው ላይ ካሜራ ቀርቶ ሚስማር መምታት ክልክል ነው። የክፍሉ በር የሚከፈተው በጥንት ቁልፍ ሲሆን፣ ቁልፉ ያላቸው አራቱ የኮሚቴ አባላት ብቻ ናቸው፤ የጥበቃ ኃላፊውም ጠዋት የገባው በአንዳቸው ቁልፍ ነው። አንዷ ሞታለች። የቀሩት ሦስት ናቸው፤ ምክትል ዲኑ ኤመሪ ዌልስ፣ የሂሳብ ፕሮፌሰሯ ኢንግሪድ ሶልባክ እና የኮሌጁ ገቢ አሰባሳቢ ብሩስ ካቫኖ። ሦስቱም ከሰዓት በኋላ ከዲኗ ጋር ተሰብስበው ነበር፤ በረዶው ሲብስ ተበተኑ። ሦስቱም ዲኗን ክፍሉ ውስጥ ትተናት ሄድን፣ ከዚያ ወዲህ አላየናትም አሉ።

የተጣሉበት ነገር ምስጢር አልነበረም። ከጥቂት ዓመታት በፊት ብራክዌል የመግቢያ ፈተናውን ግዴታነት አንሥቶ ነበር። ውጤቱን መላክ የፈለገ አመልካች ይልካል፤ ያልፈለገ አይልክም፤ ያልላከውንም ማንም አያይበትም። ይህን ያመጣው ዌልስ ነው። ፈተናው የሚለካው የልጁን ጭንቅላት ሳይሆን የአባቱን ኪስ ነው እያለ ከከተማ ከተማ ንግግር ሲያደርግ ኖሯል፤ ስሙም በዚሁ ገነነ። ዲን ፔል ደግሞ ሰሞኑን ሐሳቧን ቀይራ ፈተናው ይመለስ ማለት ጀምራ ነበር። ድምፅ ሊሰጥበት የነበረው ዲኗ በሞተች ማግስት ነው።

ከዚያ ሌላ አንዲት ልጅ ነበረች። ጆሴት ቲቦዶ ትባላለች፤ የወረቀት ፋብሪካው ከተዘጋበት የሜይን ከተማ ያመለከተች፣ አባቷ በመኪና የመንገድ በረዶ የሚጠርግ። ውጤት አልላከችም። የቀረው አንድ መቀመጫ ብቻ ነው፤ ለመቀመጫው የተያዘላት ተፎካካሪ ደግሞ አባቱ ለኮሌጁ የበረዶ ሆኪ ሜዳ ያሠራለት የቫንደርሆፍ ልጅ ነው። በስብሰባው ላይ ለጆሴት እጇን ያወጣችው ዲኗ ብቻ ነበረች፤ ነገ እንደገና ይታይልኝ ብላ ለምና አሳድራታለች። ልጅቷ የሚናገርላት ሰው ካላገኘች አለቀላት፤ አፏ የነበረችው ሴት ደግሞ አሁን አስከሬን ክፍል ናት።

ዞራይዳ መጀመሪያ ያናገረችው ዌልስን ነው። የቢሮው ግድግዳ ከቤተሰባቸው የመጀመሪያ ሆነው ኮሌጅ በገቡ ልጆች ፎቶ ተሸፍኗል። ቀጭን፣ ለስለስ ያለ ሰው ነው። ዓይኑ ቀልቷል፤ ሻይ ቀዳላት፣ ወንበር ወደ ማሞቂያው አስጠጋላት። ስብሰባው እንዳበቃ ካፖርቱን ደርቦ ከሁሉም ቀድሞ እንደወጣ፣ ቀጥ ብሎ ቤቱ እንደገባ፣ ሾርባ ጠጥቶ እንደተኛ ነገራት። ስለ ዲኗ ሲያወራ ድምፁ ይሰበር ነበር። አብረው ብዙ ዓመት ሠርተዋል፤ ብዙ ነገር ያስተማረችው እሷ ናት።

ስለ ኮሚቴው ስትጠይቀው ግን ሞቅ አለው። ሶልባክን አልወደዳትም።

«ኢንግሪድ ልጆቹን በስማቸው አትጠራም። የኮነቲከቱ አሥራ አምስት መቶ ሃምሳ፣ የኒው ጀርሲው አሥራ አራት መቶ ሰማንያ ትላለች፤ ልክ ከብት እንደሚመዝን ሰው። እኔ ይሄን ለማስቆም ነው ዕድሜዬን የጨረስኩት።»

ዞራይዳ ሻይዋን እያማሰለች ስለ ሚስቱ ጠየቀችው፣ ስለ መንገዱ፣ ስለ በረዶው። ከዚያ እግረ መንገዷን ያቺ የሜይኗ ልጅ ምን ትሆናለች አለችው።

ዌልስ ተነፈሰ። «ኦገስታ ልቧ ቅቤ ነበር። ግን እንዲህ ያለው ርኅራኄ ልጅቷን መጉዳት ነው። በአሥራ ሦስት መቶ ዘጠና እዚህ መጥታ ከነዚያ ልጆች ጋር ኬሚስትሪ ትቀመጥ? በመጀመሪያው ወር ነው የምትሰምጠው። አዝኜላት ነው።»

«ከስንት ነው የሚታረመው?»

«ከአሥራ ስድስት መቶ።»

ዞራይዳ አመስግናው ወጣች። በር ላይ ካፖርቷን ራሱ አለበሳት፤ እንዲህ ያለ ጨዋ ሰው ነው።

ሶልባክ ደግሞ ሻይም ወንበርም አላቀረበችም። ረጅም፣ አጥንቷ የገጠጠ የሚኒሶታ ሴት ናት። ከሟቿ ጋር ተጣልታ እንደነበር ስትጠየቅ አዎን፣ ብዙ ጊዜ፣ አለች። ሁለቱም ፈተናው እንዲመለስ ይፈልጉ ነበር፤ የተጣሉት በአነባበቡ ነው። ዲኗ ውጤቱን ከትምህርት ቤቱ ጋር አስተያይተን እናንብብ ትላለች። አስጠኚ ተቀጥሮለት አሥራ አምስት መቶ ያመጣና የፊዚክስ አስተማሪ እንኳ በሌለበት ትምህርት ቤት አሥራ አራት መቶ ያመጣ እኩል አይደሉም፣ ሁለተኛው ይበልጣል ባይ ናት። ለሶልባክ ይህ ማጭበርበር ነው።

«ቁጥር ቁጥር ነው፤ ሲያዝኑለት አያድግም» አለች። «እኔ ክፍል ገብቶ ክፍልፋይ መደመር የሚያቅተው ልጅ ሲመጣ ኤመሪ የት አለ? ንግግር ሊያደርግ ቺካጎ ሄዷል።»

ዞራይዳ የጆሴትን ማመልከቻ እንድታሳያት ጠየቀቻት። ሶልባክ ኮምፒውተሩን አዞረችላት። የልጅቷ ድርሰት አለ፣ የአስተማሪዎቿ ምስክርነት አለ፣ የክፍል ውጤቷ አለ። የመግቢያ ፈተና በሚለው ቦታ ላይ «አልቀረበም» ይላል።

«ይሄ ምን ማለት ነው? እናንተ ታውቃላችሁ፣ ግን አትጠቀሙበትም ማለት ነው?»

«አናውቅም ማለት ነው። አመልካቹ ራሱ ካላከ ኮሌጁ የሚደርሰው ነገር የለም። ጭራሽ ትፈተን አትፈተን እንኳ አናውቅም። እግዜርና ፈታኞቹ ይወቁት።»

ዞራይዳ ከረሜላዋን ማላመጥ አቆመች። ከዚያ ትናንት ስብሰባው ላይ የልጅቷ ውጤት በማንም አፍ ተነሥቶ እንደሆነ ጠየቀች። ሶልባክ የሞኝ ጥያቄ እንደሰማ ሰው አየቻትና የሌለ ነገር እንዴት ይነሣል አለች።

ካቫኖ ዘንድ የሄደችው ለማረጋገጥ ያህል ነው። ትልቅ፣ ሳቂታ፣ የሰው ትከሻ መታ መታ ማድረግ የሚወድ ሰው ነው። የቫንደርሆፍ ልጅ ውጤቱን ባለመላኩ አምላኩን እንደሚያመሰግን ሳያፍር ነገራት። ፈተናው ከተመለሰ ግን የሀብታም ልጆች ቂልነት በአደባባይ ሊታይ ነው፤ ይሄ ደግሞ ለሥራው አይበጅም። ስለዚህ እሱም ዲኗን የሚጠላበት ምክንያት ነበረው። የጆሴት ውጤት ስንት እንደሆነ ያውቅ እንደሆነ ስትጠይቀው ግን አፉን ከፍቶ ቀረ።

«ውጤት አላት እንዴ?» አለ።

የብራክዌል ኮሚቴ ሥራው እስኪያልቅ የእጅ ስልክ ይዞ አይገባም። ልማዱ ነው፤ ሁሉም ስልኩን ደረጃው ሥር ባለው ቅርጫት ጥሎ ይወጣል። የዲኗ ስልክ እስካሁን እዚያው ቅርጫት ውስጥ ነበር። በረንዳው ላይ ደውላ ያልተረፈችው በዚህ የተነሣ ነው። ክፍሉ ውስጥ ያለው አሮጌው የጠረጴዛ ስልክ ብቻ ነው። ዞራይዳ ወደ ክፍሉ ተመልሳ እጀታውን አነሣችና የመጨረሻውን ቁጥር የሚደግመውን ቁልፍ ተጫነች።

ጥቂት እንደጠራ አንድ የሽማግሌ ድምፅ ተጣድፎ አነሣው።

«ወይዘሮ ፔል! ስጠብቅዎት ነበር። እንዴት ሆነ? ተቀበላችኋት?»

ሽማግሌው የጆሴት ትምህርት ቤት አማካሪ አቶ ሚሾ ነው። ዞራይዳ ማን እንደሆነችና ምን እንደተፈጠረ ነገረችው። ሽማግሌው እየተንተባተበ አወራ። ዲኗ ትናንት ከስብሰባው በኋላ ደውላለት ነበር። ልጅቷ ፈተናውን ወስዳለች ወይ ብላ ጠየቀችው፤ ወስዳለች፣ አሥራ ሦስት መቶ ዘጠና አምጥታለች አላት። የትምህርት ቤቱ አማካይ ከዘጠኝ መቶ ፈቅ አይልም። እሱ በዚያ ትምህርት ቤት ዕድሜውን ሲጨርስ እንዲህ ያለ ውጤት አላየም።

«ላኪው ብዬ ለምኛት ነበር» አለ። «እሷ ግን የኮሌጁን ገጽ አይታ፣ የሚቀበሏቸው ሁሉ ከአሥራ አምስት መቶ በላይ ናቸው፣ ይስቁብኛል ብላ ደበቀችው። ለእናቷ እንኳ አልነገረችም። እኔና እሷ ብቻ ነን የምናውቀው።»

«ዲኗ ምን አሉ?»

«ይሄን ባይ ኖሮ ገና ድሮ አስገባት ነበር፣ ነገ ለሁሉም እነግራለሁ አሉኝ። ወዲያው፣ ሰው መጣብኝ ብለው ዘጉት። መርማሪ፣ ልጅቷን ምን ልበላት? በየቀኑ እየመጣች ትጠይቀኛለች።»

ዞራይዳ ለማንም አይንገሩ ብላ ዘጋች።

በማግስቱ ፕሬዝዳንቱን፣ የጥበቃ ኃላፊውንና ሦስቱን የኮሚቴ አባላት በዚያው ክፍል ሰበሰበቻቸው። ፕሬዝዳንቱ ሰዓቱን ደጋግሞ ያያል፤ ደብዳቤዎቹ ማምሻውን መውጣት አለባቸው። ዞራይዳ አልተቀመጠችም። የመስታወቱን በር ተደግፋ ቆመች።

መጀመሪያ ያበጠውን መጽሐፍ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። ዲኗ ስትወጣ ይህን በሩ ሥር እንደወሸቀችው፣ በረዶው እንዳረጠበው፣ ገና እርጥብ እያለ ሰው አንሥቶ መደርደሪያ ላይ እንዳቆመው አስረዳች። ንፋስ እንዲህ አያደርግም። ከዚያ ወደ መጋረጃው መጣች። በሩን ሳያውቅ የዘጋ ሰው ሲደበደብ ሰምቶ ይከፍታል፤ ይህኛው ግን ጋረደው። ስለዚህ ገዳዩ ቁልፍ ካላቸው ከሦስቱ አንዱ ነው፤ ከስብሰባው በኋላም ተመልሶ መጥቷል። ዲኗ ስልክ ላይ እያለች የገባው እሱ ነው።

«ሦስታችሁም ምክንያት አላችሁ» አለች። «ፕሮፌሰር በአነባበቡ ተጣልተዋል። አቶ ካቫኖ የሆኪ ሜዳው አሳስቧቸዋል። አቶ ዌልስ ስማቸው ሊጠፋ ነው። እኔ የምጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው። የጆሴት ቲቦዶ ውጤት ስንት ነው?»

«አልቀረበም» አለች ሶልባክ።

«እኔ ምኑን አውቄ» አለ ካቫኖ።

«አቶ ዌልስ?»

ዌልስ ቀና አለ። «አልቀረበም።»

«ትናንት ግን ነግረውኛል። ሻይ ቀድተውልኝ፣ በአሥራ ሦስት መቶ ዘጠና ትሰምጣለች አሉኝ።»

አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል። ዌልስ ያኔ ነው ፊቱ የተለዋወጠው።

«ማመልከቻው ላይ አይቼው ይሆናል።»

«ማመልከቻው ላይ የለም። ፕሮፌሰር አሳይተውኛል።»

«ስብሰባው ላይ ኦገስታ ተናግራ...»

«አልተናገረችም» አለች ሶልባክ ቀዝቀዝ ብላ። ካቫኖም ራሱን ነቀነቀ።

«ስብሰባው ላይ ልትናገር አትችልም» አለች ዞራይዳ። «ራሷም አታውቅም ነበር። ያወቀችው እናንተ ከተበተናችሁ በኋላ፣ በዚህ ስልክ ነው። ቁጥሩን የሚያውቁት ሦስት ሰዎች ነበሩ፤ ልጅቷ፣ ሜይን ያለው አማካሪዋ እና ሟቿ። አማካሪው ለማንም አልነገረም፤ ልጅቷም ለእናቷ እንኳ አልነገረችም። አራተኛ ሰው ካለ የሰማው ከዲኗ አፍ ነው፤ የሰማውም ስልኩን ከዘጋች በኋላ፣ ከመሞቷ በፊት ነው። እርስዎ በዚያ ሰዓት ቤቴ ሾርባ እየጠጣሁ ነበር ብለዋል።»

ዌልስ እጁን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ ጣቶቹን ማየት ጀመረ። የሚገርመኝ ነገር፣ ይህ ሰው ልጆችን በቁጥር አትጥሩ እያለ ሲሰብክ የኖረ ነው፤ ሲጨንቀው ግን ልጅቷን የሚያጣጥልበት ሌላ ቃል አላገኘም። የዚህ ቤት ሰዎች ሁሉ እንዲህ ናቸው፤ ቁጥሩን ያወገዘውም ያመለከውም ሰውን የሚያየው በሱ ነው።

«ጓንቴን ረስቼ ነው የተመለስኩት» አለ በመጨረሻ። «እሷ ስልኩን ዘግታ ወደ በረንዳው እየወጣች ነበር። መጽሐፉን በሩ ሥር ወሽቃ ነገረችኝ። ከዚያ ትምህርት ቤት አሥራ ሦስት መቶ ዘጠና፣ የደበቀችውም አንተ መደበቅ ትችያለሽ ስላልካት ነው አለችኝ። በነዚህ ዓመታት ስንት ጆሴት ጥለናል ኤመሪ፣ ነገ ይሄን ለጋዜጣም እናገራለሁ አለች። ለመንኳት። ጀርባዋን ሰጥታኝ ሲጋራዋን ለኮሰች።»

«መጽሐፉን አነሣኸው» አለች ዞራይዳ። እርስዎ ማለቱን ትታዋለች።

«መጀመሪያ ቀልድ መስሏት ሳቀች። ከዚያ መምታት ጀመረች።»

«መጋረጃውን ለምን ሳብከው?»

«ፊቷን ማየት አልቻልኩም።»

«መስማቱን ግን ቻልከው።»

የጥበቃ ኃላፊው በር ላይ የቆሙትን ፖሊሶች ጠራ፤ ወሰዱት። ሲወጣ ካፖርቱን መልበስ ረስቶ ነበር፤ ብርድ ነው ብሎ ያስታወሰው አንድም ሰው አልተገኘም።

እዚህ ላይ ሰው ትንሽ ዝም ይላል ብላችሁ ታስባላችሁ። ፕሬዝዳንቱ ግን፣ በዲኗ ቦታ እኔ እቀመጣለሁና የቀረችውን መቀመጫ እንጨርስ አለ። ዞራይዳ ጆሮዋን አላመነችም።

«እዚሁ? አሁን?»

«ደብዳቤዎቹ ዛሬ ይወጣሉ፤ ወላጆች እየጠበቁ ነው» አላት።

«እንግዲያው ልጅቷን ቁጥሩን ይዛችሁ እዩዋት። ሴትዮዋ የሞተችው ይሄን ልትነግራችሁ ስትል ነው።»

ፕሬዝዳንቱ ያ ቁጥር አሁን የወንጀል ማስረጃ መሆኑን፣ ጠበቆቹ አትንኩት ማለታቸው እንደማይቀር አስረዳ። ካቫኖ ጠረጴዛውን እያየ የቫንደርሆፍ አባት ዛሬ ጠዋት እንደደወለ ተናገረ። ዞራይዳ ወደ ሶልባክ ዞረች። ፈተናው ይመለስ ስትል የኖረችው እሷ ናት።

«ያልተላከ ውጤት እንደሌለ ይቆጠራል፤ ደንቡ ነው» አለች ሶልባክ። «ቢላክም አሥራ ሦስት መቶ ዘጠና ነው። እኔ አሥራ አምስት መቶ ያላቸውን ስጥል የከረምኩ ሴት ነኝ። ሰው ስለሞተባት ልቀበላት?»

ለጆሴት ቲቦዶ እጅ ያወጣ አልነበረም። ለቫንደርሆፍ ልጅ ሁለት እጅ ወጣ፤ ሶልባክ ድምፀ ተአቅቦ አደረገች። ውጤቱን ስላላከ አላምነውም አለች፤ ለህሊናዋ ይህ በቅቷታል። ዞራይዳ በሥራዋ ብዙ ገዳይ አይታለች፤ ያን ቀን የተጸየፈችው ግን እጁ በካቴና ታስሮ የሄደውን ብቻ አልነበረም።

ሳምንቱ ሳያልቅ ወደ ሜይን መደወል ግድ ሆነባት። ዌልስ ጠበቃ ቀጥሮ ቃሉን አጥፏል፤ ቁጥሩን ከልጅቷ ራሷ ሰምቼ ነበር ማለት ጀምሯል። ይህን የምታፈርሰው ጆሴት ብቻ ናት። አቶ ሚሾ ልጅቷን ቢሮው አስገብቶ ስልኩን ሰጣት። ድምጿ ቀጭን ነው፤ ስትናገር አቤት ከማለት ትጀምራለች።

ዞራይዳ ነገሩን ቀስ አድርጋ አስረዳቻት። ፍርድ ቤት ቀርባ ውጤቷን ለማን እንደነገረች መናገር ይኖርባታል።

«ቁጥሩንም እዚያ እላለሁ?»

«ትያለሽ።»

«ጋዜጠኞች ይኖራሉ?»

«ይኖራሉ።»

ልጅቷ የኮሌጁ ደብዳቤ እንደደረሳት ነገረቻት፤ በጣም ጥሩ ደብዳቤ ነው፣ ብዙ ጎበዝ ልጆች ስላመለከቱ ነው ይላል አለች። ዞራይዳ ከረሜላዋን ከአፏ አውጥታ በወረቀት ጠቀለለችው።

«አንድ ነገር ልጠይቅዎት፣ መርማሪ?»

«ጠይቂኝ።»

«ልኬው ቢሆን ኖሮ ወይዘሮ ፔል አይደውሉም ነበር፤ አይደል?»

«አይደውሉም ነበር።»

«እኔም እገባ ነበር?»

ዞራይዳ ልትዋሻት አሰበች። አላውቅም ማለት ይቻላል፤ ማን ያውቃል ብሎ ማለፍም ይቻላል። ግን የዌልስ ጠበቃ ይህንኑ ጥያቄ ሰው ሁሉ ፊት እንደሚያነሣው፣ ልጅቷም መልሱን መጀመሪያ ከሱ አፍ እንደምትሰማው አሰበች።

«አዎ» አለቻት።